«አደጋው ጉልህ ነው»፦ የዳቮስ የናዳ ማስጠንቀቂያ አንድምታ

መጽሐፍ የሚተረጉም መምህር ወደ ንባቡ ከመግባቱ አስቀድሞ ማን ጻፈው፣ የት ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ለማን ጻፈው ብሎ መጠየቅ ልማዱ ነው። ዛሬ የምንፈታው ንባብ ከብራና የተቀዳ ባይሆንም ይህን ሥርዐት አናፈርስበትም። ንባቡ በስዊዘርላንድ የአልፕስ ተራሮች በብርዱ ወራት በየዕለቱ የሚወጣው የበረዶ ናዳ ማስጠንቀቂያ ነው። ከታች ያኖርነው ቃል በታወቀ አንድ ቀን የወጣ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያው ደጋግሞ ከሚናገርበት ልማድ ወስደን፣ ለትርጓሜ እንዲመች አሳጥረን ያቆምነው ነው።

ንባብ፦ «አደጋው ጉልህ ነው፤ 3ኛ ደረጃ። ከ2200 ሜትር በላይ፣ ወደ ሰሜን በሚያዩ ተዳፋቶች። በአሮጌው በረዶ ውስጥ ደካማ ንብርብሮች አሉ። አንድ ሰው ብቻውን ናዳ ሊያስነሣ ይችላል። እስከ ነገ 11 ሰዓት ድረስ የጸና ነው።»

ማን ጻፈው ቢሉ፦ በዳቮስ ከተማ የሚገኘው የበረዶና የናዳ ምርምር ተቋም። የት ቢሉ፦ ጥንቱ ከከተማዋ በላይ ቫይስፍሉዮኅ ከሚባለው ከፍታ ነው። በ1936 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጥቂት ሊቃውንት በዚያ ብርድ ውስጥ በረዶን እየቆረጡ፣ እየመዘኑ፣ በአጉሊ መነጽር እያዩ መመርመር ጀመሩ። ከማኅበራቸው ሄንሪ ባደር የማዕድን ሊቅ ነበር፤ ሮበርት ሄፌሊ የአፈርን ጠባይ የሚያውቅ መሐንዲስ ነበር። አንዱ በረዶን ቅንጣቱን ለይቶ አየው፤ አንዱ ሸክም እንደ ተጫነው መሬት አየው። ከጓደኞቻቸው ጋራ በ1939 ስለ በረዶና ስለ መለወጡ መጽሐፍ አወጡ፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ትርጓሜ ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ አስተያየት ርቆ አልሄደም። ማስጠንቀቂያውን በጦርነቱ ዘመን የሚያወጣው ሠራዊቱ ነበር፤ በ1945 ለተቋሙ ተላለፈ።

ለማን ጻፈው ቢሉ፦ ለሦስት ወገን። መንገድ ለሚዘጋና መንደር ለሚያስለቅቅ ሹም፤ ሰው አስከትሎ ለሚወጣ የተራራ መሪ፤ ደግሞም ከተጠረገውና ከሚጠበቀው መስመር ወጥቶ፣ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪውን ተጫምቶ፣ ማንም ያልረገጠውን ተራራ በጉልበቱ ለሚወጣ ሰው። የእኛ ትርጓሜ ወደ ሦስተኛው ያዘነብላል። ሹሙ የሚያነብበው ለሕዝቡ ነው፤ መሪው የሚያነብበው ለተከታዮቹ ነው፤ ይህ ግን ለገዛ ነፍሱ ያነብባል፣ ቢስትም የሚያርመው የለም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ምኑ ነው ቢሉ፦ የበረዶ ነገር ለአገራችን ታሪክ እንግዳ አይደለም። በአዱሊስ ቆሞ የነበረውና ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዘመን የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ፣ ንጉሡ ስለ ዘመተበት ስለ ሰሜን ተራራ ሲናገር፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንደ ነበረ ያነሣል። መጽሐፈ ኢዮብን የተማረም ጻድቁ ስለ በረዶ መዛግብት እንደ ተጠየቀ ያውቃል። መዝገብ የምትለውን ቃል አንባቢ በልቡ ያኑራት፤ በሦስተኛው ንባብ ትፈለጋለች።

«አደጋው ጉልህ ነው፤ 3ኛ ደረጃ» አለ።

ደረጃዎቹ አምስት ናቸው፤ የአውሮፓ አገሮች በ1993 ተስማምተው ያጸኗቸው፤ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ጉልህ፣ ከፍተኛ፣ እጅግ ከፍተኛ። ሦስተኛው በቁጥር ከመካከል ይውላል። ስለዚህ ቦ ዘይቤ፤ ከአምስቱ ሦስተኛው ከሆነ ግማሹ አደጋ፣ ግማሹ ደኅንነት ነው የሚል አለ። ይህን የሚል ሰው ቁጥሩን አነበበ እንጂ ንባቡን አላነበበም። አደጋው ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲወጣ በእኩል እርከን አያድግም፤ እየዘለለ ያድጋል፤ ከ2ኛው ወደ 3ኛው ያለው ርቀት ከ1ኛው ወደ 2ኛው ካለው ርቀት ይሰፋል። ቁጥር መስጠቱ ለመስማማት እንዲመች ነው እንጂ ለመደመርና ለመቀነስ አይደለም።

አንድም «ጉልህ» ማለቱ ተራራው ዝም ባለበት ጊዜ የሚነገር ቃል ነው። በ4ኛውና በ5ኛው ደረጃ ናዳ ማንም ሳይነካው በራሱ ይወርዳል፤ ሸለቆው ይጮኻል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ደፋሩም ሳይቀር ከምድጃው ዳር ይውላል። በ3ኛው ግን ናዳው ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ሰውን ነው። ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሓይ ወጥታ፣ ሌሊት የወረደው በረዶ ለዐይን ደስ ብሎ ሳለ፣ ምልክቱ ሁሉ ና የሚል ይመስላል። የተቋሙ ቁጥርም ይህን ያጸናል፤ ጉልህ የሚለው ደረጃ ከብርዱ ወራት 30 ከመቶ ያህሉን ይይዛል፣ በናዳ ከሚሞቱት ግን ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት በእርሱ ነው። ከፍተኛ በተባለባቸው ጥቂት ቀኖች የሚሞቱት 10 ከመቶ ገደማ ናቸው። ምነው አነሱ ቢሉ፦ አደጋው ስላነሰ አይደለም፤ ሰው ስለማይወጣ ነው እንጂ።

አንድም ደረጃው የሚነገረው ስለ አውራጃ ነው እንጂ ስለ አንድ ተዳፋት አይደለም። ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ አገር በአንድ ቁጥር ይጠቀለላል፤ በውስጡ ጤነኛ ተዳፋት አለ፣ ሊናድ የቀረበ ተዳፋት አለ። ቁጥሩ ሦስት ነገር አስማምቶ ይናገራል፤ በረዶው በምን ያህል ጭነት እንደሚላቀቅ፣ እንዲህ ያለው ቦታ ብዙ ወይስ ጥቂት እንደ ሆነ፣ ናዳው ቢነሣ ምን ያህል እንደሚገዝፍ። ሦስቱን በአንድ ቃል የሚጠቀልል ጸሐፊ መክበዱን ያውቀዋል፤ አንባቢው ግን ቁጥሩን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ በእኔ ግምት ከቁጥሩ በታች የተጻፈው ሐተታ ከቁጥሩ ይልቅ ሊነበብ ይገባዋል፤ የብዙው ሰው ልማድ የተገላቢጦሽ ቢሆንም።

ታሪክ፦ ከሦስተኛው በላይ ያሉት ደረጃዎች የመንደር ነገር ናቸው። በ1950 መጨረሻ በጀመረው የብርድ ወራት፣ ይልቁንም በ1951 ጥር፣ በአልፕስ ላይ በረዶ ያለ ልክ ወረደ፤ በስዊዘርላንድ ብቻ 98 ሰዎች በናዳ ሞቱ። ናዳ ከመታቸው መንደሮች አንዷ አንደርማት ናት፤ ሰዎቿ ከመንደራቸው በላይ ያለውን ደን ማንም እንዳይቆርጠው በ1397 በጽሑፍ ገዝተው ነበር፤ ደኑ በረዶውን ከሥሩ ይይዝላቸዋልና። በዳቮስ አጠገብ በእመቤታችን ስም የምትጠራ፣ ፍራውንኪርኅ የምትባል ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ወደ ተራራው ያለው ግድግዳዋ ናዳን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዲከፍል በሹል ማዕዘን ተሠርቷል። ከ1951 በኋላ በየተዳፋቱ የብረት መከላከያ ቆመ፤ ምድሩም በካርታ ተለይቶ እዚህ ቤት ይሠራ፣ እዚህ አይሠራ ተባለ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሳለ የካቲት 23 ቀን 1999 በኦስትሪያ ጋልቱር መንደር የወረደው ናዳ 31 ሰዎች ገደለ፤ ደኅና ነው ተብሎ በካርታ የተለየውንም ቦታ አልፎ ገባ። በ2018 ዩኔስኮ የስዊዘርላንድንና የኦስትሪያን ናዳን የመጠበቅ ዕውቀት ከማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ጻፈው። ቅርስ መባሉ ይገባዋል፤ ከአባት ለልጅ የተላለፈ፣ በሞት የተገዛ ዕውቀት ነውና።

«ከ2200 ሜትር በላይ፣ ወደ ሰሜን በሚያዩ ተዳፋቶች» አለ።

ከፍታውን መወሰኑ ከዚያ በታች ደን ስላለ፣ ሙቀቱም ስለሚለይ ነው። ሰሜንን መለየቱ ጥላ ስለሆነ ነው፤ በብርዱ ወራት ፀሓይ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ የሰሜኑ ፊት ሳምንታት ሙሉ ብርሃን ሳያገኝ ይቆያል፣ በውስጡ ያለው ድካምም ሳይሽር ይከርማል። አንድም ሰሜንን የለየው በነፋስ ምክንያት ነው፤ ነፋስ ከነፈሰበት ፊት በረዶውን ገፎ በተከለለው ፊት ያከማቻልና፣ ከደቡብ ሲነፍስ የተከለለው ሰሜኑ ይሆናል። ጸደይ ሲገባ ፍርዱ ይገለበጣል፤ ደቡቡ በፀሓይ ርሶ በውኃ ክብደት ይናዳል። ነገሩ ከዚህ በላይ አያስቆየንም።

ከዚህ ላይ ግን ያልተጻፈ ንባብ አለ። መምህራን ዝም ያለውን ቃል የሚያነሡት የታወቀ ስለሆነ ተውት ብለው ነው፤ እርሱም የተዳፋቱ ቁልቁለት ነው። በድፍኑ የሚላቀቅ ናዳ የሚነሣው ከ30 ዲግሪ በላይ ባለ ቁልቁለት ነው፤ አብዛኛው ከ30 እስከ 45 ባለው፣ ይልቁንም በ38 አቅራቢያ። ከዚህ ያነሰው በረዶውን ይሸከማል፤ ከዚህ የበዛው በረዶው ሳይጠራቀም ቶሎ ቶሎ ያራግፈዋል። ለስኪ የሚጣፍጠው ቁልቁለትና ለናዳ የሚመቸው ቁልቁለት አንድ መሆናቸውን ልብ ይሏል። አንድም ዝም ያለው በሜዳ የቆመውን ሰው እንዳያዘናጋው ነው፤ በለጥ ያለ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ከበላዩ ያለውን ተዳፋት ከሩቅ ሊያስነሣ ይችላልና። እንዴት ከሩቅ ቢሉ፦ ቀጥሎ ይመጣል።

«በአሮጌው በረዶ ውስጥ ደካማ ንብርብሮች አሉ» አለ።

ሐተታ፦ በረዶ ባንድ ጊዜ ወርዶ አያበቃም። ዛሬ ይወርዳል፣ ነገ ነፋስ ይመታዋል፣ ከነገ ወዲያ ፀሓይ ላዩን አቅልጣ ሌሊቱ ቅርፊት ያደርገዋል፣ ከዚያም ሌላ በረዶ በላዩ ይተኛል። እያንዳንዱ ቀን የራሱን መስመር ጽፎ ያልፋል፤ የሚመጣውም በላዩ ይጽፋል እንጂ የቀደመውን አይፍቀውም። የብርዱ ወራት ከታች ወደ ላይ ይጽፋል፤ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚያነብበው ሰው ከላይ ወደ ታች፣ ከትናንት ወደ ጥቅምት ያነብባል። ኢዮብ የተጠየቀበትን መዝገብ በዚህ ያገኙታል፤ የተቀመጠው እስኪቀልጥ አይጠፋምና።

«አሮጌ» ማለቱ የወራቱን የመጀመሪያ በረዶ ነው። በጥቅምትና በኅዳር የወረደው በረዶ ስስ ነው፤ ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው። ከሥሩ ያለው ምድር ገና የበጋውን ሙቀት ስላልጨረሰ 0 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል፤ ላዩ ግን በጠራ ሌሊት ከ0 በታች 15 ይደርሳል። በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ከ1 ዲግሪ በላይ ልዩነት ሲኖር እንፋሎት ሞቅ ካለው ቅንጣት ተነሥቶ ወደ በላዩ ቀዝቃዛ ቅንጣት ይሄዳል፣ በዚያም ይረጋል። እንዲህ እየሆነ ሲሰነብት ቅንጣቱ ክብነቱን ትቶ ማዕዘን ያወጣል፣ ይተልቃል፣ የጽዋ መልክ ይይዛል፤ ከጎረቤቱም ጋራ አይያያዝም። የጥልቅ አመዳይ የሚባለው ይህ ነው። በእጅ ሲዘግኑት እንደ ስኳር ይፈስሳል፤ በላዩ የሚመጣው የወራት ሁሉ ሸክም ግን የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው።

ከዚህ የሚወጣ፣ ብዙ ሰው የሚስተው ምሥጢር አለ። በረዶ ባነሰበት ዓመት አደጋውም ያነሰ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ያው 15 ዲግሪ በግማሽ ሜትር ሲካፈል በ10 ሳንቲ ሜትር 3 ዲግሪ ይደርሳል፤ በሁለት ሜትር ሲካፈል ከ1 ዲግሪ በታች ይሆናል። በወፍራሙ ውስጥ ቅንጣቶቹ ይከብባሉ፣ እርስ በርስ አንገት አውጥተው ይያያዛሉ፣ ውለው አድረው ይጸናሉ። ስሱ በረዶ ሲደክም ወፍራሙ ይበረታል። በአንድ ተዳፋትም እንዲሁ ነው፤ ዐለት ብቅ ባለበት፣ በጠርዙ፣ በረዶው በሳሳበት ያለው ከመካከሉ ይልቅ ደካማ ነው፤ የሰውም ክብደት ወደ ደካማው ንብርብር የሚደርሰው በዚያ ነው። ዐለቱን መጠጊያ አድርጎ ወደ እርሱ የሚጠጋ ሰው አለ፤ የሚጠጋውም ወደ ክፉው ስፍራ ነው።

አንድም «ደካማ» ማለቱ የገጽ አመዳይን ነው። ነፋስ በሌለበት በጠራ ሌሊት የአየሩ ርጥበት በበረዶው ገጽ ላይ ላባ ላባ ሆኖ ይበቅላል፤ ማለዳ ፀሓይ ስታርፍበት ሸለቆው በሙሉ ያብለጨልጫል። የሚያየው ሰው ፎቶ ያነሣል፤ የሚያውቀው ሰው ቀኑን ይጽፋል። ነፋስ ቢሰብረው ወይም ፀሓይ ብታቀልጠው ነገሩ በዚያው አበቃ፤ አዲስ በረዶ በዝግታ ቢወርድበት ግን ላባው ቆሞ ይቀበርና ለሳምንታት ሳይታይ ይኖራል።

አንድም ደካማው ብቻውን ደካማ አይደለም። በላዩ ምንም ያልተጫነበት ልል በረዶ አይጎዳም፤ ሰው እየቀዘፈ ይወርድበታል። ጽኑ ሆኖ ከሥሩ ጽኑ ያለውም አይጎዳም፤ መንገድ ይሆናል። ጉዳቱ ጽኑው በደካማው ላይ ሲተኛ ነው። ነፋስ ቅንጣቱን ሰባብሮ፣ አጠጋግቶ፣ ግጥም ያለ ንጣፍ አድርጎ ይዘረጋዋል፤ ንጣፉ እንደ አንድ አካል ነውና ከአንዱ ጫፍ የተነካው በሌላው ጫፍ ይሰማል። የባደር ቅንጣትና የሄፌሊ ሸክም የሚገናኙት በዚህ ነው።

ከሩቅ እንዴት ይነሣል ላልነው መልሱ፦ በ2008 ሃይርሊ፣ ጉምብሽና ዛይዘር የተባሉ ሊቃውንት ደካማው ንብርብር የሚሰበረው ወደ ጎን ተንሸራትቶ ብቻ ሳይሆን ከሸክሙ በታች ወደ ራሱ ወድቆ እንደ ሆነ አስረዱ። የወደቀው ንብርብር የላዩን ንጣፍ ያጎብጠዋል፤ የጎበጠውም ንጣፍ ቀጥሎ ያለውን ይጫነዋል፤ ስብራቱ በሜዳም፣ ወደ ሽቅብም፣ ሰው ከቆመበት ተነሥቶ ይሮጣል። በሜዳ የሚሄድ ሰው ከእግሩ በታች ዉምፍ የሚል የታፈነ ድምፅ ሲሰማ የሰማው ይህን መውደቅ ነው። በ2022 የታተመ ሌላ ምርምር ስብራቱ በቁልቁለት ላይ በሴኮንድ ከ100 ሜትር በላይ ሊሮጥ እንደሚችል አሳየ። ስለዚህ ድምፁ ማስፈራሪያ አይደለም፤ የሆነ ነገር ወሬ ነው። በሜዳ የሰማው ሰው ንባቡ በነጻ ተነበበለት፤ በቁልቁለት የሰማው ግን ለማንበብ ጊዜ የለውም።

ይህን ንብርብር እንዴት እናውቀዋለን በሚለው ላይ ሊቃውንቱ፣ የጎንደር መምህራን ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው እንደ ተለያዩ፣ በሁለት ቤት ይቆማሉ። የአንዱ ቤት ሰዎች ቆፍራችሁ እዩ ይላሉ። በረዶውን በ30 ሳንቲ ሜትርና በ90 ሳንቲ ሜትር ለይተው ያቆሙታል፤ በአንዱ ጫፍ ላይ አካፋ አስተኝተው 10 ጊዜ ከእጅ አንጓ፣ 10 ጊዜ ከክርን፣ 10 ጊዜ ከትከሻ ይመቱታል፤ ስብራቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሄደ ተዳፋቱ ክፉ ነው ይላሉ። የሌላው ቤት አለቃ ስዊዘርላንዳዊው የተራራ መሪ ቨርነር ሙንተር ነው። እርሱ በረዶ ከእርምጃ ወደ እርምጃ ይለያያልና ጉድጓዱ የሚናገረው ስለ ራሱ ብቻ ነው፤ ደረጃውንና ቁልቁለቱን አመዛዝናችሁ ሂዱ ይላል። በመጀመሪያው ትምህርቱም 2ኛ ደረጃ ሲሆን ከ40 ዲግሪ በታች፣ 3ኛ ሲሆን ከ35 በታች፣ 4ኛ ሲሆን ከ30 በታች ብሎ ይወስናል። ሁለቱም ቤት የጸና ምስክር አለው፤ አንዱን አንቀበልም አንልም። እኔ ከሁለቱ የምይዘው አስታራቂ አሳብ፦ ጉድጓዱ ተመለስ ለማለት ሥልጣን አለው፣ ሂድ ለማለት ግን የለውም። ክፉ ወሬ ከአንድ ጉድጓድ ይበቃል፤ መልካም ወሬ ከመቶ ጉድጓድም አይሞላም።

በዚህ ሥፍራ የአንድምታው ልማድና የተራራው ልማድ ይለያያሉ። መምህሩ አምስት ትርጓሜ አውጥቶ አምስቱንም ሳይመርጥ ሊያኖራቸው ይችላል፤ ማክበሩም ይህ ነው። በተዳፋቱ አፋፍ የቆመው ሰው ግን ወይ ይረግጣል ወይ ይመለሳል። ቢሆንም እርሱም ከመምህሩ የሚወስደው አለ። የሚሳሳተው ትርጓሜ የበዛበት አይደለም፤ የሚያምረውን አንዱን መርጦ የቀረውን የዘጋ ነው እንጂ። ክፉውን ትርጓሜ ሳይሽር ይዞ የሚሄድ ሰው መንገዱን በዚያ ልክ ይመርጣል።

«አንድ ሰው ብቻውን ናዳ ሊያስነሣ ይችላል» አለ።

አንድ ሰው ማለቱ የአንድ ሰው ክብደት ይበቃል ማለት ነው፤ ሠራዊት ወይም መኪና አያስፈልግም። አንድም አንዱ ራስህ ነህ ሲል ነው። ናዳ ከያዛቸው የተራራ ተጓዦች ከአሥሩ በዘጠኙ ናዳውን ያስነሣው ራሱ የተያዘው ወይም ከጓደኞቹ አንዱ ነው። ድንገት መጣብን የሚለው የተለመደ ነገር በብዛቱ እውነት አይደለም።

አንድም አንድ ማለቱ የመጀመሪያውን አይደለም። አንዱ አልፎ፣ ሁለተኛው አልፎ፣ ዐምስተኛው አልፎ ስድስተኛው ሊያስነሣው ይችላል፤ የፊተኞቹ በወፍራሙ በረዶ ላይ አልፈው እርሱ አንድ ክንድ ያህል ወደ ጎን ቢወጣና የሳሳውን ቢያገኝ ይበቃልና። የቀደመ ሰው ፈለግ የሚመሰክረው ያ ሰው ማለፉን ብቻ ነው። ኢያን ማካሞን የተባለ አሜሪካዊ በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአገሩን የናዳ አደጋዎች መርምሮ፣ ሰውን የሚያስተው አለማወቁ ብቻ እንዳልሆነ አሳየ። የለመደውን ስፍራ ማመን፣ ከጀመረው ላለመመለስ እልህ፣ ዐዋቂ የተባለውን ዝም ብሎ መከተል፣ ሌላው ሳይቀድመኝ ማለት፣ እነዚህን ቈጠረ። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግኝቱ በለመዱት ስፍራ የተማሩት ሰዎች ካልተማሩት ብዙም ያልተሻሉ መሆናቸው ነው።

አንድም ብቻውን ማለቱ ብቻውን የሄደውን ሲያይ ነው። ከተጠረገው መስመር ውጭ የሚወጣ ሁሉ ሦስት ዕቃ ይይዛል፤ በ457 ኪሎ ኸርዝ ምልክት የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ፣ በረዶውን የሚወጋበት ረጅም ዘንግ፣ አካፋ። ሦስቱም ለሌላው ሰው የተያዙ ናቸው፤ ማንም በገዛ አካፋው ራሱን አያወጣም። በ1994 በስዊዘርላንድ አደጋዎች ላይ የወጣ ጥናት፣ ከተቀበሩት ሰዎች በ15 ደቂቃ ውስጥ የወጡት 92 ከመቶ በሕይወት እንደ ተገኙ፣ በ35 ደቂቃ ግን ይህ ወደ 30 ከመቶ እንደ ወረደ ተናገረ፤ ከዚያ ወዲህ የተደረገው ቈጠራ የመጀመሪያውን ጊዜ ወደ 10 ደቂቃ አሳጥሮታል። የሚገድለው በአመዛኙ መታፈን ነው። የታላቁ ቅዱስ በርናርድ መተላለፊያ መነኮሳት ያሳደጉት፣ ሰው በማዳን የታወቀው ባሪ የተባለው ውሻ እስከ ዛሬ በበርን ቤተ መዘክር ቆሞ ይታያል፤ ክብሩ ይገባዋል፤ ነገር ግን ውሻም ሆነ ሄሊኮፕተር ከሸለቆው እስኪደርስ ድረስ ያ ደቂቃ አብዛኛውን ጊዜ አልፏል። ስለዚህ አዳኝ ማለት አብሮ የወጣ ጓደኛ ነው፤ እርሱም በናዳው ያልተያዘ እንደ ሆነ። ክፉውን ተዳፋት አንድ በአንድ መሻገር የተለመደው ለዚህ ነው።

«እስከ ነገ 11 ሰዓት ድረስ የጸና ነው» አለ።

ማስጠንቀቂያው በብርዱ ወራት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይወጣል፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይም ይታደሳል። ዘመኑን ማሳጠሩ አየሩ ስለሚለዋወጥ ነው፤ በአንድ ሌሊት በረዶ ሊወርድ፣ ነፋስ ሊነሣ፣ የጻፉት ሁሉ ሊያረጅ ይችላል። አንድም ጸደይ ሲሆን አንዱ ቀን ራሱ ለሁለት ይከፈላል፤ ማለዳ ቅርፊቱ ደርቆ ሰው ይሸከማል፣ ቀትር ሲሆን ርሶ ይላላል፤ ስለዚህ ለማለዳ አንድ ደረጃ፣ ለቀትር በኋላ ሌላ ደረጃ ይጻፋል፣ ተራራ ወጪም በጨለማ ተነሥቶ ከቀትር በፊት ይመለሳል።

አንድም ሰዓቱ የሚያልቀው ለቃሉ ነው እንጂ ለንብርብሩ አይደለም። አሮጌው ድካም ሳምንታት ይቆያል፤ ማስጠንቀቂያውም ያንኑ ቃል ዛሬ፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ ይደግማል። አንባቢ ይሰለቻል፤ ሰባት ቀን ተፈርቶ ሰባት ቀን ምንም ያልሆነበት ተዳፋት በስምንተኛው ቀን የተሻለው ይመስላል፤ ወሬኛውም እነርሱ ሁልጊዜ ሦስት ነው የሚሉት ይላል። ጸሐፊዎቹ ይህን መሰልቸት ያውቁታል፤ ይሁን እንጂ በረዶው ካልተለወጠ ቃሉን የሚለውጡበት ምክንያት የላቸውምና በማግሥቱ 11 ሰዓት ያንኑ ይጽፋሉ።